ሳጥኑ 88፣ ስልኩ 76፦ የቤት ስፒከር ስንት ዲሲቤል እንደሚጮኽ በትክክል መለካት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሳሎናቸው 4 በ 5 ሜትር ነው። ጥንድ ስፒከርና በየጎኑ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ገዝተዋል። የስፒከሩ ጀርባ «88 ዲሲቤል፣ 8 ኦም» ይላል። ሶፋው ላይ፣ ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ያህል ርቀው በስልካቸው አፕ ሲለኩ 76 አነበቡ፤ የወንድማቸው ስልክ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘፈን 84 አለ። «ተሸውጃለሁ? የትኛው ስልክ ነው ልክ? በትክክል የሚለካውስ እንዴት ነው? ጎረቤት ሳይከሰኝ ስንት ላይ ልቁም?» ይላሉ።

አልተሸወዱም፤ ቢያንስ እስካሁን ያዩት ነገር ያንን አያሳይም። ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። ከስንት ሜትር፣ በየትኛው ማጣሪያ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እየተጫወተ፣ በስንት ቮልት ተብሎ ካልተገለጸ «88 ዲሲቤል» ማለት ኪሎ ይሁን ኩንታል ሳይናገሩ «50 ገዛሁ» እንደማለት ነው። እነዚህ አራቱ ከተያዙ ግን ሶፋዎ ላይ ስንት መምጣት እንዳለበት ገና መለኪያ ሳያወጡ በወረቀት ማስላት ይቻላል።

ከጀርባው ጽሑፍ እንጀምር። አምራቹ ሐቀኛ ከሆነ 88 ማለት፣ ለአንዱ ስፒከር 2.83 ቮልት ሲሰጠው፣ ከፊቱ 1 ሜትር ላይ፣ ማስተጋባት በሌለበት ሁኔታ የሚገኘው የድምፅ ግፊት ነው። 2.83 ቮልት የተመረጠው በ 8 ኦም ላይ 1 ዋት ስለሚሆን ነው። በ 4 ኦም ላይ ግን ያው 2.83 ቮልት 2 ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 4 ኦም ስፒከር የሚያመርቱ በዚህ አጻጻፍ 3 ዲሲቤል በነፃ ያገኛሉ። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ከዲሲቤሉ ጎን ኦሙን የሚያዩት ለዚህ ነው። «ፒኤምፒኦ 5000 ዋት» የሚለውን፣ ለማስታወቂያ የሚጻፈውን የቅጽበት ኃይል ቁጥር፣ ደግሞ ጨርሶ ከሒሳብ አያስገቡት። ያንኑ ዕቃ ገልብጠው ቢያዩት ከ 220 ቮልት መስመር የሚወስደው ኃይል 60 ወይም 80 ዋት ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል፤ ከሶኬቱ ከሚወስደው በላይ ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ አምፕሊፋየር ቮልዩሙን «ነጋቲቭ 25 ዲሲቤል» እያለ ያሳያል። ያ የክፍሉን ጩኸት አይለካም፤ ከራሱ ከፍተኛ ወይም መነሻ ደረጃ ስንት እንደቀነሰ ነው የሚነግርዎ። እኛ የምንለካው የአየሩን ግፊት ነው፤ የእሱ ዜሮ 20 ማይክሮፓስካል ላይ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ 2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቷ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 101 ነው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ሲመዝን እዚህ 0.92 ኪሎ አካባቢ ነው። የስፒከሩ ኮን (አየሩን የሚገፋው ተንቀሳቃሽ ክፍል) በተሰጠው ቮልት የሚንቀሳቀሰው እዚያም እዚህም ያን ያህል አይለያይም፤ የሚገፋው አየር ግን ስስ ስለሆነ የሚፈጥረው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሲሰላ 2.3 ዲሲቤል ገደማ ነው። ጀርባው ላይ 88 የተጻፈበት ስፒከር አራት ኪሎ ሲደርስ 86 ሊጠጋ ይገባዋል እንጂ 88 አይጠበቅበትም። ትንሽ ቢመስልም በኃይል ሲታሰብ ትንሽ አይደለም፦ ጠረፍ ላይ በ 30 ዋት የሚገኘውን ጩኸት እዚህ ለማግኘት 50 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የመለኪያው ስህተት ስላልሆነ ጆሮም ያንኑ ያነሰ ድምፅ ነው የሚሰማው። በመለኪያዎች ውስጥ የሚገጠመው የኮንደንሰር ማይክሮፎን ትብነት በከፍታ ምክንያት የሚለወጠው በዲሲቤል አሥረኛ ክፍልፋዮች ብቻ ነው።

ሆኖም መለኪያውን በፒስተንፎን (መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚሰጥ የመለኪያ ማስተካከያ መሣሪያ) የሚያስተካክል ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ፒስተንፎን የሚሰጠው ድምፅ ከአየር ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል፤ አብሮት በሚመጣው ባሮሜትር ወይም ሠንጠረዥ ካልታረመ አዲስ አበባ ላይ 2.4 ዲሲቤል ገደማ ያሳስታል። ሳያርሙ «አስተካከልኩ» ማለት ደህና የነበረውን መለኪያ ማበላሸት ነው።

ወደ እርስዎ ሳሎን ስንመጣ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ከ 88 እንነሳ። ለከፍታው 2 እንቀንስ፤ 86። ከ 1 ሜትር ወደ 3 ሜትር ሲርቁ ሜዳ ላይ ቢሆን 9.5 ዲሲቤል ይጠፋ ነበር፤ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳልና። ቤት ውስጥ ግን ግድግዳው፣ ኮርኒሱና ወለሉ ድምፁን ስለሚመልሱ እንዲህ ባለ ሳሎን ከ 4 እስከ 6 ነው የሚጠፋው። 5 እንውሰድ፤ 81። ሁለት ስፒከር ሲሠራ 3 ይጨምራል፤ 84። የስልክ አፕ አብዛኛውን ጊዜ ባሱን አሳንሶ በሚቆጥረው በኤ ማጣሪያ ነው የሚያነበው፤ ፒንክ ኖይዝ በሚባለው፣ ከባስ እስከ ቀጭን ያለውን ሁሉ አንድ ላይ በያዘው የመፈተሻ ድምፅ ላይ ኤ ማጣሪያ ከ 2 እስከ 3 ዲሲቤል ያስቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ሲያገኝ ሶፋው ላይ 81 ዲሲቤል ኤ አካባቢ መምጣት አለበት። የስልኮችዎ 76 እና 84 ከዚህ ቁጥር ወዲህና ወዲያ ስላሉ፣ ቮልዩሙ የት ላይ እንደነበር ሳይታወቅ የትኛውንም ሐሰተኛ ማለት አይቻልም።

ቮልዩሙ ከፍተኛው ላይ ሆኖ ከ 76 ካላለፈ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 50 ዋት በ 8 ኦም ላይ 20 ቮልት ነው፤ ጫፉ 28 ቮልት። ሙዚቃ ከአማካዩ በላይ የሚዘሉ ጫፎች አሉት። ጫፎቹ ከአማካዩ 12 ዲሲቤል ይበልጣሉ ብንል፣ አምፕሊፋየሩ ጫፍ ሳይቆርጥ ሊሰጥ የሚችለው አማካይ 7 ቮልት፣ ማለትም 6 ዋት ገደማ ነው። ይህም ከ 1 ዋቱ 8 ዲሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ ሶፋዎ ላይ ሙዚቃ ሳይሰባበር በአማካይ 89 ዲሲቤል ኤ ድረስ መሄድ ይገባዋል። የ 13 ዲሲቤል ጉድለት በስልክ ስህተት ብቻ ሊሸፈን ቢችልም፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይዩ፦ በብሉቱዝ የሚያጫውቱ ከሆነ የስልኩ ቮልዩም ሙሉ መሆኑን፣ ስልኩ ላይ የቮልዩም ገደብ አለመከፈቱን፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አለመገላበጡን። ሽቦው የተገለበጠ ከሆነ ባሱ ይጠፋል፤ ዘፋኙ ከመሃል መምጣቱን ትቶ ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። ሁለቱን ስፒከር ፊት ለፊት አጠጋግተው በአንድ ቻናል ድምፅ ቢያጫውቱ ወዲያው ይለያል፤ ሽቦው ልክ ከሆነ ባሱ ይወፍራል፣ ከተገለበጠ ይሳሳል።

የኤ እና የሲ ጉዳይ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነውና። ኤ ማጣሪያ የሰው ጆሮ በዝቅተኛ ጩኸት ባስን አሳንሶ የሚሰማበትን መንገድ የሚከተል ነው። በ 1000 ኸርዝ ላይ ምንም አይቀንስም፤ በ 100 ኸርዝ ላይ 19 ዲሲቤል፣ በ 50 ኸርዝ ላይ 30 ዲሲቤል ይቆርጣል። ሲ ማጣሪያ ግን በ 63 ኸርዝ ላይ እንኳ የሚቀንሰው ከ 1 ዲሲቤል በታች ነው። ስለዚህ ሳብዉፈር (ለባስ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ያለው ቤት በኤ ብቻ ከተለካ የጩኸቱ ትልቁ ክፍል ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ስፒከር ለማመጣጠንና ለመፈተሽ ሲ፤ ለጆሮ ደኅንነትና ለደንብ ጉዳይ ኤ። ርካሽ የእጅ መለኪያ ሲገዙ ሁለቱም ማጣሪያዎች እንዳሉት ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ኤ ብቻ ነው ያላቸው። ፈጣንና ዝግተኛ የሚሉ ሁለት የንባብ አማራጮችም አሉ፤ ፈጣኑ በ 125 ሚሊሰከንድ፣ ዝግተኛው በ 1 ሰከንድ ያማክላል። ለቋሚ የመፈተሻ ድምፅ ዝግተኛውን ይጠቀሙ፤ ቁጥሩ አይዘልብዎትም።

መለኪያዎች ደረጃ አላቸው። አይኢሲ 61672 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ክላስ 1 እና ክላስ 2 ብሎ ይከፍላቸዋል። ለቤት ሥራ ክላስ 2 ከበቂ በላይ ነው። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ የክላስ ማረጋገጫ የላቸውም፤ ቢሆንም በመሃለኛው ድምፅ ላይ 2 ዲሲቤል አካባቢ ውስጥ ከሆኑ ይበቃሉ። ላፕቶፕ ካለዎት የተሻለው መንገድ ዩሚክ-1ን የመሰለ የዩኤስቢ መለኪያ ማይክሮፎን ከሩም ኢኪው ዊዛርድ ነፃ ፕሮግራም ጋር ነው። እያንዳንዱ ማይክሮፎን በተከታታይ ቁጥሩ የራሱ ማስተካከያ ፋይል አለው፤ ፋይሉን ፕሮግራሙ ላይ ሳይጭኑ መለካት ግን ለማይክሮፎኑ የከፈሉትን ገንዘብ መጣል ነው።

ስልክስ? ስልክ የሚሳሳተው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ማይክሮፎኑ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ዝቅ ያለውን ባስ ብዙ ጊዜ ሆነ ተብሎ ይቆርጡበታል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ጩኸት ሲበዛ ድምፁን በራሱ ጊዜ ያሳንሳል፤ ለስልክ ጥሪ ጥሩ ነው፣ ለልኬት ግን መርዝ ነው። ሦስተኛ፣ አንድሮይድ ስልክ ሞዴሉ ብዙ ስለሆነ አንዱ አፕ ለሁሉም ልክ ሊሆን አይችልም። አይፎን ላይ ሞዴሉ ውስን በመሆኑ ይሻላል፤ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ኒዮሽ ያዘጋጀው ነፃ አፕም ለአይፎን ብቻ የተሠራው ለዚህ ነው። ከሁለቱ ስልኮቻችሁ አንዱ አይፎን ከሆነ በዚያ አፕ ይጀምሩ።

የስልክ አፕ ይታመን አይታመን የሚለየው ግን በብራንድ ሳይሆን በሙከራ ነው። ለአንድ ቀን እውነተኛ መለኪያ ይዋሱ። የስልኩን ሽፋን አውልቀው የሁለቱን ማይክሮፎኖች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ፒንክ ኖይዝ እያጫወቱ በ 60፣ በ 70፣ በ 80 ላይ ያወዳድሩ። ስልኩ በሦስቱም ላይ እኩል የሚያጎድል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 5፣ አፕ ላይ ማስተካከያው ውስጥ 5 ይደምሩና ይጠቀሙበት። ልዩነቱ ጩኸቱ ሲጨምር አብሮ እየሰፋ ከሄደ፣ 60 ላይ 2፣ 80 ላይ 9 ካጎደለ፣ ስልኩ ድምፁን እየጨቆነ ነው። ያንን በመደመር ማዳን አይቻልም፤ ሌላ አፕ ይሞክሩ ወይም ይተዉት። የእርስዎና የወንድምዎ ስልክ የ 8 ዲሲቤል ልዩነት ከዚህ ወይም ከመነሻ ማስተካከያው የመጣ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይህ ሙከራ ይነግርዎታል።

ወደ ልኬቱ እንግባ። ሰዓቱን ይምረጡ። ሌሊት ጸጥታ አለ፤ ግን የመፈተሻ ድምፅ የምታህል የጎረቤት ጠላት የለችም። አራት ኪሎ ላይ ጥሩው ሰዓት የሥራ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፦ ጎረቤት ሥራ ላይ ነው፣ የጠዋቱ የትራፊክ ግፊያ በርዷል፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሏል። እሑድ ጠዋትን አይሞክሩት። መስኮት ይዝጉ፣ ፍሪጁ ከሳሎን ጋር ከሆነ ለጊዜው ከሶኬት ይንቀሉት። በክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ አይለኩ፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ያለ ሰው ያነበበው የዝናቡን ዲሲቤል ነው። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር የሚሠራ ሰዓትም አይሆንም፤ ጄኔሬተሩ ከመጮኹ ሌላ ቮልቱ ከተዋዠቀ የአምፕሊፋየሩ ከፍተኛ ኃይል አብሮ ይዋዥቃል።

መጀመሪያ ምንም ሳያጫውቱ የክፍሉን ጸጥታ ይለኩና ይጻፉ። በኋላ የሚያነቡት ከዚህ ከ 10 ዲሲቤል በላይ ከበለጠ ምንም ማረም አያስፈልግም። ልዩነቱ ከ 6 እስከ 9 ከሆነ ከንባቡ 1 ይቀንሱ፤ 4 ወይም 5 ከሆነ 2፤ 3 ከሆነ 3 ይቀንሱ። ከ 3 በታች ከሆነ ልኬቱን ይተዉት፤ የለኩት ስፒከሩን ሳይሆን መንገዱን ነው። በተለይ በሲ ማጣሪያ የክፍሉ ጸጥታ በኤ ካነበቡት 10 ወይም 15 ቢበልጥ አይደንግጡ፤ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ጉርምርምታ በሲ ይታያል፣ በኤ ይደበቃል።

የመፈተሻ ድምፅ ፒንክ ኖይዝ ይሁን። ሙዚቃ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ዘፈን ተለካክተው ቢለያዩ አይገርምም። የአንድ ቃና ድምፅ፣ ለምሳሌ 50 ኸርዝ ብቻ፣ በክፍል ውስጥ ለጩኸት ልኬት አይሆንም፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን በ 34 ኸርዝ፣ 4 ሜትሩ ስፋት በ 43 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ፣ ማይክሮፎኑን ጥቂት ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ቁጥሩ ከ 10 ዲሲቤል በላይ ሊዘል ይችላል። ቀጭኑን ከፍተኛ ቃና ብቻውን አስጩኾ መለካት ደግሞ ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ክፍል፣ ሊያቃጥል ይችላል። በሙዚቃ ውስጥ ትዊተሩ ጥቂት ኃይል ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የተጻፈበት 50 ዋት ለሙሉ ሙዚቃ እንጂ ለእሱ ብቻ አይደለም።

ፋይሉ ያልተጨመቀ ዌቭ ይሁን፣ አንድ ቻናል፣ አማካይ ደረጃው ነጋቲቭ 20፣ ማለትም ፋይሉ ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ ደረጃ 20 ዲሲቤል ዝቅ ያለ። የአምፕሊፋየሩን ባስና ትሬብል መሃል ላይ ያድርጉ፤ ባስን የሚያጎሉት ላውድነስና ባስ ቡስት፣ የስልኩ ኢኳላይዘርም ሁሉም ይጥፉ። ላውድነስ የሚለው ቁልፍ እንደበራ ተረስቶ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለካ ይውላል።

አሁን ቮልቱ። እዚህ የሚያስፈልገው ቴስተር (መልቲሜትር) ነው። ርካሽ ቴስተር የኤሲ ቮልትን በትክክል የሚያነበው ከ 50 እስከ 400 ኸርዝ ገደማ ባለው ነጠላ ቃና ላይ ነው፤ በፒንክ ኖይዝ ላይ የሚያሳየው አያስተማምንም። ስለዚህ ከፒንክ ኖይዙ ጋር አንድ ዓይነት አማካይ ደረጃ ያለው የ 100 ኸርዝ ቃና ያዘጋጁ፤ ሁለቱንም ከአንድ ፕሮግራም ያውጡ። ይህ ግዴታ ነው፤ ደረጃውን አንዱ ፕሮግራም በጫፍ፣ ሌላው በአማካይ ስለሚቆጥር የተለያየ ቦታ የተገኙ ፋይሎች ሳይታወቅ 3 ዲሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ይለያያሉ። ቴስተሩን ኤሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው በአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር መካከል ይያዙ። የ 100 ኸርዙን ቃና እያጫወቱ 2.83 እስኪያነብ ቮልዩሙን ያስተካክሉ፤ ከዚያ ቮልዩሙን ሳይነኩ ወደ ፒንክ ኖይዙ ይለፉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ብረት አካል ጋር አያገናኙ፤ በብዙ ዘመናዊ አምፕሊፋየር ጥቁሩ ሽቦም ቮልት አለው። ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ የአምፕሊፋየር ቦርዶች ደግሞ የሚያወጡት ከፍተኛ ድግግሞሽ ቴስተሩን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቃናው ሲቆም ቴስተሩ ወደ ዜሮ መመለሱን ያረጋግጡ። የብሉቱዝ ስፒከር ያለው ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው፤ ሳይፈታ ቮልቱን መያዝ አይቻልም፣ መፍታቱም አያዋጣም። እሱ የሚለካው ከፍተኛውን የማይሰባበር ጩኸት በ 1 ሜትር ላይ ብቻ ነው።

አንዱን ስፒከር ብቻ ያብሩ። መለኪያውን በትሪፖድ ላይ፣ ከስፒከሩ ፊት 1 ሜትር፣ በትዊተሩና ባሱን በሚያወጣው በዉፈሩ መካከል ባለው ከፍታ ያቁሙ። በእጅ መያዝ የሚታየውን ያህል ቀላል ስህተት አይደለም፤ ሰውነት ድምፅ ስለሚመልስ ጥቂት ዲሲቤል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ትሪፖድ ከሌለ መለኪያውን በርጩማ ላይ ቢያስቀምጡ እንኳ ጫፉ ከበርጩማው ወጣ ይበል። ስፒከሩን ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት፤ ጥግ ላይ ከተሸጎጠ ባሱ ይጋነናል። ሲ፣ ዝግተኛ፣ 30 ሰከንድ። ለ 88 ስፒከር እዚህ የሚጠበቀው ከ 86 እስከ 89 ነው፦ ከፍታው 2 ወስዷል፣ ክፍሉ እስከ 3 ሊመልስ ይችላል። 84 ወይም 83 ካነበቡ መለኪያውን ይጠራጠሩ፤ መለኪያው ልክ ሆኖ 80 ካነበቡ ግን የጀርባው ጽሑፍ ዋሽቷል። ሁለተኛውን ስፒከር በዚያው ቦታ ላይ አቁመው ይድገሙት። ሁለቱ ከ 1 ዲሲቤል በላይ ከተለያዩ ከአንዱ ትዊተር ወይም ድምፁን ለትዊተሩና ለዉፈሩ ከሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ጋር የተያያዘ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ጆሮዎን ወደ እያንዳንዱ ትዊተር አስጠግተው መሥራቱን ይስሙ።

ከዚያ ወደ ሶፋው። መለኪያው በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ፣ ከሶፋው መደገፊያ 30 ሴንቲ ራቅ ብሎ። አንድ ቦታ አይበቃም፤ ጭንቅላትዎ በሚደርስበት አካባቢ አምስት ቦታ ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። ንባቦቹ በ 5 ዲሲቤል ውስጥ ከሆኑ እንደተራ ቁጥር ደምሮ ማካፈል ይበቃል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ካለው ሳሎን በሁለት ወይም በሦስት ዲሲቤል በልጦ ሊጮኽ ይችላል፤ ስፒከሩ አልተለወጠም። ውጤቱን ሲጽፉ ሙሉውን ይጻፉት፦ «86 ዲሲቤል ሲ፣ ዝግተኛ፣ 1 ሜትር፣ ፒንክ ኖይዝ፣ 2.83 ቮልት፣ አንድ ስፒከር»። እንዲህ የተጻፈ ቁጥር ከማንም ቁጥር ጋር ይወዳደራል።

ስለ ጆሮ አጭሩን ልበል። ኒዮሽ ለሥራ ቦታ የሚለው 85 ዲሲቤል ኤ ለ 8 ሰዓት ነው፤ በየ 3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመዝናኛ ማዳመጫ የሚጠቅሰው 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የእርስዎ ሶፋ በ 89 አማካይ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ቢደመጥበት ከዚህ ልክ ያልፋል።

የጎረቤቱ ጉዳይ በሶፋዎ ቁጥር አይፈታም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ በወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል ኤ ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ሌሊት የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይዘልቃል። ቁጥሩ የሚመለከተው ድምፁ የሚደርስበትን ቦታ እንጂ የእርስዎን ሳሎን አይደለም። በሁለቱም በኩል የተለሰነ ብሎኬት ግድግዳ የሰው ድምፅንና የመሃለኛውን ሙዚቃ 40 ዲሲቤል ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ ልስኑ የተሰነጠቀ ወይም የሶኬት ሳጥን በሁለቱ ቤቶች መካከል ጀርባ ለጀርባ የተገጠመ ከሆነ ብዙ ያንሳል። ባሱን ግን ያው ግድግዳ በጣም ባነሰ ነው የሚይዘው። ሶፋዎ ላይ 89 ቢሆን ጎረቤት ጋ 49 ገደማ ይደርሳል፦ ቀን ያልፋል፣ ማታ አያልፍም። በዚያ ላይ ጎረቤት የሚያማርረው ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ «ዱም ዱም»ው ነው።

ያንን የሚያሳይ ቀላል ልኬት አለ። ጎረቤትዎን አስፈቅደው እሳቸው ቤት፣ አልጋው አጠገብ፣ የተለመደውን ሙዚቃዎን እያስጫወቱ አንዴ በሲ፣ አንዴ በኤ ይለኩ፤ ሙዚቃው ጠፍቶም ሁለቱን ይድገሙ። ሙዚቃው ሲበራ ሲ በግልጽ ከፍ ብሎ ከኤ ከ 15 በላይ ከበለጠ ችግሩ ባስ ነው፤ አጠቃላይ ቮልዩም መቀነሱ ለእርስዎ ሙዚቃውን ያጠፋዋል፣ ለእሳቸው ግን ብዙም አይለውጥም። ያኔ ሳብዉፈሩን ወይም ስፒከሩን ከወለሉ በወፍራም ስፖንጅ ወይም በጎማ ላይ ያንሱ፣ ከጋራ ግድግዳው ወደ ራስዎ ግድግዳ ያዛውሩ፣ የባሱን ማዞሪያ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ያድርጉና መልሰው ይለኩ። ስፖንጁ የሚረዳው በወለል በኩል የሚተላለፈውን ንዝረት እንጂ በአየር የሚሄደውን ባስ አይደለም፤ ስለዚህ የታችኛው ጎረቤት ሲያመሰግንዎ የጎኑ ሊቀጥል ይችላል።

ለማታው፣ ጎረቤት ጋ 45 ዲሲቤል ኤ የሚሰጠውን የቮልዩም ቦታ ካገኙ በኋላ ከዚያ 5 ያህል ዝቅ ብለው ማዞሪያው ላይ ትንሽ ፕላስተር ይለጥፉ። የስልኩ ቮልዩም ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ካልሆነ ፕላስተሩ ዋጋ የለውም። የድሮ ካሴት ቅጂና የዘንድሮ ዘፈን በአንድ ቮልዩም ቦታ 8 እና 10 ዲሲቤል ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ልኬቱን ካለዎት ዘፈን ሁሉ በጣም በሚጮኸው ይሥሩት።